መቻልና ማወቅ፦ ሰዋስው በእንግሊዝኛ መምህራን ሥልጠና

አማርኛ ለቋንቋ «መቻል»ን ይመርጣል፤ «እንግሊዝኛ ይችላል» ይባላል። ሰዋስው ግን ይታወቃል እንጂ አይቻልም። የዕጩ መምህራን ሥልጠና የሚያነሣው ጥያቄ በእነዚህ ሁለት ግሶች መካከል ይገኛል፤ ቋንቋውን የሚችል ሁሉ ሊያስተምረው ይበቃል ወይ?

ፈላስፋው ጊልበርት ራይል በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአእምሮን ጽንሰ ሐሳብ በሚመረምር መጽሐፉ፣ መቻል ከማወቅ እንደማይወለድ ተከራክሯል። የብልኃት ሥራ ሁሉ አስቀድሞ ሕግ ማሰላሰልን ቢጠይቅ፣ ማሰላሰሉም ራሱ ብልኃት ስለሚሻ ሌላ ሕግ ያስፈልገዋል፤ ለዚያም ሌላ፤ መቋጫ የለውም። ክርክሩ ለተናጋሪ ልክ ነው። መምህርን ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሸኘው። አርስቶትል በ«ሜታፊዚክስ» መግቢያ የአዋቂ ምልክቱ ማስተማር መቻሉ ነው ይላል፤ ባለልምድ ነገሩ እንዲህ መሆኑን ያውቃል፣ ለምን እንዲህ እንደሆነ ግን አያውቅም።

አፉን በአማርኛ የፈታ ተማሪ «አይ ሀቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ብሎ ጻፈ እንበል። እንግሊዝኛን በመስማት ብቻ የሚችል መምህር «እንዲህ አይባልም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ግን እዚያው ይቆማል። ሰዋስው ያወቀው ደግሞ በ«ሀቭ» የሚሠራው መልክ ድርጊቱን ከአሁን ጋር ስለሚያያይዘው፣ ያለቀ ቀን ከሚጠራ ቃል ጋር እንደማይስማማ ያስረዳል። ሁለቱንም ቋንቋዎች የመረመረው ግን ከዚህም አልፎ ያያል፦ «ትናንት አይቼዋለሁ» በአማርኛ ነውር የለበትም። ተማሪው የተሳሳተው በግድየለሽነት ሳይሆን የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሥርዓት በታማኝነት ስለተከተለ ነው። ምንጩ ሲታወቅ እርማቱም ይለወጣል፤ ቀይ እስክሪብቶው ይቀርና ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ይጻፋሉ።

ዕጩ መምህራን የሚጎድላቸው ነገር በየአገሩ አንድ አይደለም። በእንግሊዝ የሰዋስው ትምህርት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተዳክሞ ስለቆየ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ለአንደኛ ደረጃ መጨረሻ ተማሪዎች የሰዋስው ፈተና ሲጀመር ዕጩ መምህሩ የሚችለውን ነገር በስሙ መጥራት መማር ነበረበት። እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ በሆነባት ኢትዮጵያ ደግሞ ሕጉን በቃሉ የሚወጣ፣ ሲናገር ግን የሚያመነታ ዕጩ ይበዛል። ለመጀመሪያው የታዘዘ መድኃኒት ሁለተኛውን አያድንም፤ ያወቀውን እስኪችል መጻፍና መናገር ነው የሚያሻው።

«ሰዋስው» በግዕዝ መሰላልም ማለት ነው፤ መሰላል ደግሞ ይወጡበታል እንጂ አያከማቹትም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግስና አገባብ እየተማረ፣ በዚያው ቅኔ ይቆጥራል፤ መምህሩም የቆጠረውን ያርምለታል። ሕጉ ከሥራው ተለይቶ ለብቻው አይከማችም። የእንግሊዝኛ ዕጩ መምህራን ፈተና ግን ብዙ ጊዜ ትርጓሜ ብቻ ይጠይቃል፦ ግስ ምንድን ነው? ተውሳከ ግስስ? የተማሪ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ቀርቦ «ይህ ከየት መጣ?» ቢባል፣ ዕጩው ቋንቋውን መቻሉም ሰዋስውን ማወቁም በአንድ መልስ ይታያል።