ስለ ርእስ ማጋነንና ስለ አንባቢ ዕዳ

ከመቶ ዓመት በፊት በአራዳ ገበያ፥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፥ ነጋሪት ሲጐሰም ነጋዴው ሚዛኑን አኑሮ ባላገሩም ጭነቱን ትቶ ይቆም ነበር። አዋጅ ነጋሪውም «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» እያለ ቃሉን ያሰማ ነበር። እንግዲህ ወሬን በታላቅ ድምፅ መጥራት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ነገር ግን ከነጋሪቱ በኋላ የሚሰማው ቃል የማን እንደ ሆነ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ጋዜጣም ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ ይህንኑ ልማድ ይዞ ነበር። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» በጥቂት ቅጂ በእጅ እየተጻፈ ወጣ፤ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ «ብርሃንና ሰላም» ሲጀመር አንባቢዎች ራሳቸው ሐሳባቸውን እየጻፉ ይልኩለት ነበር፤ ብዙዎቹም ስማቸውን ከጽሑፋቸው ጋራ ያኖሩ ነበር። ስምን ማኖር ትንሽ ነገር አይምሰለን፤ ስሙን ያኖረ ሰው ነገ በመንገድ ለሚጠይቀው መልስ አዘጋጅቷል ማለት ነውና።

የፕሬስ አዋጅ በ1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በፒያሳ መንገዶች ጋዜጣ በዛ። አዟሪዎች ርእሱን እያሳዩ ይሸጡ ነበር፤ ለመግዛት ዐቅም ያጠረውም ሰው ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተከራይቶ ያነብ ነበር። ያን ጊዜ ርእስ ማጋነን የታወቀ በሽታ ሆነ። በትልቅ ፊደል «ሊሆን ነው» የተባለው፥ ገጹ ሲገለጥ «ሊሆን ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል» ሆኖ ይገኝ ነበር። ይሁን እንጂ የአዘጋጁ ስም በወረቀቱ ላይ ነበረ። ያ ሕግ ጋዜጠኞችን ለማሰር መሣሪያ መሆኑ ባይካድም፥ የተበደለ ሰው የሚከስሰው አካል አላጣም ነበር።

ዛሬስ? አዟሪው በኪሳችን ውስጥ ገብቷል። በስልክ የሚነበበው ወሬ የሚከፈለው በሳንቲም ሳይሆን በዓይናችንና በጣታችን ነው። ማን ምን እንደ ነካ፥ ማን ምን ብሎ እንደ መለሰ ይቈጠራል፤ ብዙ የተነካውም ይበልጥ ይገለጣል። በ2014 ዓ.ም. መባቻ ይፋ ከሆኑት የፌስቡክ የውስጥ ሰነዶች እንደ ታወቀው፥ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ከ2017 ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ የአንባቢ የቁጣ ምልክት ከአንድ «ወደድሁት» 5 እጥፍ ይመዘን ነበር። የአራዳ ነጋዴ ሚዛኑን እንዲህ አዛብቶ ቢገኝ ኖሮ ገበያው ዝም ባላለው ነበር። በዚህኛው ሚዛን ግን የሚመዘነው የራሳችን ልብ ስለ ሆነ፥ መዛባቱን ሳናይ ቀረን።

የዚህም ፍሬ መራራ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. መስከረም፥ አገር በጦርነት በታመመችበት ወራት፥ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ አንድ ትግራዋይ ምሁር ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከክስ ጋራ በፌስቡክ ወጣ። ከጽሑፉ ሥር የአንባቢዎች ቃል ተከተለ፤ ከእነርሱም በሰውየው ላይ ክንድ እንዲነሣ የሚጠሩ ነበሩ። ጥቅምት 24 ቀን ፕሮፌሰሩ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግሞ አመልክቶ እንዳልተሰማ በመግለጥ፥ ከሌሎች ጋራ ሆኖ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው በየነ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ደም ዕዳ ያለበት ማን ነው? ተኳሹ መሆኑ ግልጥ ነው። ከእርሱ በኋላ ግን ጸሓፊው «እኔ ወሬ አወራሁ እንጂ ግደሉ አላልሁም» ይላል። ኩባንያው «እኔ ወረቀት ነኝ እንጂ ጸሓፊ አይደለሁም» ይላል። ከሥሩ አንድ መሥመር የጻፈውም «የእኔ ቃል ከብዙ ቃል አንዱ ነው» ይላል። ሁሉም በሌላው ጥላ ተሸሸገ። ነገር ግን አንድን ሸክም ብዙ ሰዎች ቢሸከሙት ለያንዳንዱ ይቀልላል እንጂ፥ በሐሰት የመመስከር ዕዳ እንደዚያ አይከፋፈልም፤ እያንዳንዱ የመሰከረውን ያህል ሙሉውን ይሸከማል። የአንዱ ድምፅ በሺህ ውስጥ ቢጠፋ እንኳ፥ ሺሁን ሺህ ያደረገው እርሱ ነውና።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በጥንቱ ሙግት «ተጠየቅ» ብሎ የተነሣ ከሳሽ በአደባባይ ቆሞ፥ ዋስ ጠርቶ፥ ተከሳሹን ፊት ለፊት እያየ ይናገር ነበር። ተከሳሹም ተራውን ይመልስ ነበር። የዛሬው ከሳሽ ግን ስሙን ሸሽጎ፥ ያለ ዋስ ይከስሳል፤ አንባቢውም የተከሳሹን መልስ ሳይሰማ ይፈርዳል።

ምናልባት «ርእሱ ካልጮኸ ማን ያነባል? እውነትም ነጋሪት ያስፈልጋታል» የሚል ይኖራል። ይህ ቃል ከፊሉ ትክክል ነው። መጮኽ በራሱ ኀጢአት አይደለም፤ ሰደድ እሳት ሲነሣ በሹክሹክታ የሚናገር ሞኝ ነው። ጥፋቱ ርእሱ የጠራውን ነገር ገጹ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። ያ ድግስ ሳይኖር እንግዳ መጥራት ነው። ሌላውም «ሕግ ይዳኘው» ይል ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185 ወጥቷል። ሆኖም ሕግ የሚደርሰው ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ደግሞም የሐሰትን አፍ ሊዘጋ የተዘረጋ እጅ የእውነትንም አፍ ሊዘጋ እንደሚችል ያለፈው ዘመን አሳይቶናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዳኛ አንባቢው ራሱ ነው።

የቀድሞዎቹ የፒያሳ ቤቶች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል፤ ጋዜጣ ተከራይተን ያነበብንበት ድንጋይም የለም። ያን ጊዜ ግን ተከራዩ ወረቀቱን ከመመለሱ በፊት ስለ ከፈለበት እስከ መጨረሻው ያነበው ነበር። እኛም ቢያንስ ያን ያህል እናድርግ፤ ርእሱን አይተን ሳይሆን ገጹን አንብበን እንመልስ፤ ስማችንን ልናኖርበት የማንደፍረውንም ቃል አንጻፍ። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና፥ ከርእሱ የሚጠጣ ሰው ገና ከምንጩ አልደረሰም።