ስሙ ስላልተጠራ ወታደር

በሰው አገር የወደቀ ወታደር የማን ሟች ነው? ይህ ጥያቄ ለፈላስፋ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የእናቱም ጥያቄ ነውና።

ኢትዮጵያ በጥር 2006 ዓ.ም. ጦሯን በሶማሊያ በነበረው የአፍሪካ ኅብረት ኃይል ውስጥ አሰለፈች። ሰኔ 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ማለዳ፣ የገዛ ወገኑን የሚያሸብረው አልሸባብ በሂራን፣ ሃልጋን ላይ የሰፈረውን ጦራችንን ፈንጂ በጫነ መኪና ጀምሮ አጠቃ። ብዙ ገደልሁ ብሎም ፎከረ፤ መንግሥት ሐሰት ነው ብሎ የሞቱትን አጥቂዎች ቁጥር አስታወቀ። የወደቁት ልጆቻችን ስም ግን በአደባባይ ሲነበብ አልሰማሁም።

ጠላት ሬሳ የሚቆጥረው ለመፎከር ነው፤ ወገን ግን ለማልቀስ መቁጠር ይገባዋል።

«ጦርነት ምሥጢር ይፈልጋል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ውጊያው እስኪበርድ ዝምታ ብልኀት ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ዝምታ ዕዳ ይሆናል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪያ ከዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከ120 በላይ ወድቀዋል፤ ስማቸውም አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር ባለው መታሰቢያ ተቀርጿል።

በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቻችን ሲሰበሰቡ የሚታሰበው የዐድዋ ጀግኖች ውለታ ብቻ አይደለም፤ የፈረሶቻቸውም ጭምር ነው። ፈረስን ያልረሳ አገር ልጁን ይረሳልን?

መምህር በየማለዳው ስም የሚጠራው ያለውን ለማወቅ ብቻ ሳይሆን የቀረውን ለመጠየቅ ነው። አንባቢ ሆይ፤ ከዳንግላም ሆነ ከሌላ ስፍራ ሄዶ ያልተመለሰ ወጣት ብታውቅ፣ ስሙን በወላጆቹ ፊት ጥራ። በሰው አገር ቢወድቅም የእኛ ሟች ነው።