የጎረቤት መዶሻ

እንግሊዝ አገር፣ ሰፎክ በተባለው አውራጃ፣ ሆክሰን የምትባል መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1992 ፒተር ዋትሊንግ የተባሉ ገበሬ እርሻቸው ላይ መዶሻ ጠፋባቸው። ወዳጃቸው ኤሪክ ሎውስ ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ፤ ከሥራ ሲሰናበቱ መሬት ውስጥ ያለ ብረት የሚያመለክት መሣሪያ በስጦታ ተሰጥቷቸዋል። መዶሻውን ሊፈልጉላቸው ያንኑ መሣሪያ ይዘው ማሳው ላይ ወጡ። መሣሪያው ጮኸ። ጫር ጫር ሲያደርጉ የብር ማንኪያ ወጣ፣ የወርቅ ጌጥ ወጣ፣ ሳንቲም በእፍኝ ወጣ።

ወገኖቼ፣ የጥንት ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን ታሪክ በቃላቸው ያውቁታል። ተቆጥሮ ሲያልቅ 569 የወርቅ፣ 14,272 የብር፣ 24 የነሐስ ሳንቲም ሆነ። ሁሉም የሮማውያን ዘመን ገንዘብ ነው። ከጌጡና ከዕቃው ጋር 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተተምኖ ለአግኚው ተከፈለ፤ ሎውስም ለገበሬው አካፈሉ። መዶሻውም በኋላ ተገኘ፤ ዛሬ እሱም የብሪታንያ ሙዚየም ንብረት ነው። ስለ ዕድል ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ይህን ገንዘብ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከገንዘቡ በፊት የሆነው ነገር ነው፤ ሰውየው ቁፋሮውን አቆሙ።

እስቲ ራሳችሁን እዚያ ማሳ ላይ አቁሙት። ወርቁ ከእግራችሁ ሥር ነው፤ የሚያይ የለም። እጅ ይቸኩላል። ልብም ዛሬ ካልወሰድኩት ነገ ሌላው ይወስደዋል ትላለች። በእንዲህ ያለ ሰዓት ከመቆፈር ይልቅ ማቆም ይከብዳል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ሎውስ ጥቂት ካወጡ በኋላ የቀረውን እንዳለ ትተው ለሚመለከተው አካል አስታወቁ። በማግስቱ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች መጥተው የቀረውን በጥንቃቄ አወጡት።

እሳቸው በማቆማቸው ምን ተረፈ? ዕቃው በእንጨት ሣጥን ተሰድሮ እንደተቀበረ ታወቀ። በውስጡም ትንንሽ ሣጥኖች እንደነበሩ፣ የቀበረውም ሰው እየተጠነቀቀ እንዳስቀመጠው ታየ። አንዱ የወርቅ አምባር ላይ ዩሊያና የተባለች እመቤት ስም አለ፤ በደስታ እንድታጌጥበት የሚመኝ ቃልም ተጽፎበታል። ማንኪያዎቹ ላይ ደግሞ ኡርሲኪኑስ የተባለ ሰው ስም ይነበባል። ከሳንቲሞቹ የመጨረሻዎቹ እ.ኤ.አ. ከ407 ወዲህ የተመቱ ናቸው፤ የሮም ሥልጣን ከብሪታንያ የሚነቀልበት፣ ሰው ነገን የማያምንበት ዘመን ነው። እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ክፉ ቀን እስኪያልፍ ብሎ ሀብቱን ቀበረ፤ ተመልሶ ለመውሰድ ግን አልታደለም። ሎውስ እንደ ዘራፊ ቢዝቁት ኖሮ ወርቁ ወርቅ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ዩሊያና ግን ለሁለተኛ ጊዜ ትጠፋ ነበር።

ይህን ልብ አድርጉልኝ። እኛ ሲሳይ የምንለው ነገር ሌላ ሰው ያለቀሰበት ጥፋት ሊሆን ይችላል። ታክሲ ውስጥ የወደቀ ስልክ ስናገኝ መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? ሲም ካርዱን አውጥቶ የሚጥል አለ። እስኪደወልለት ክፍት አድርጎ የሚጠብቅ ደግሞ አለ። ሁለቱም ያገኙት አንድ ዓይነት ስልክ ነው። የመጀመሪያው ዕቃውን ከባለቤቱ ጋር የምታገናኘውን ያቺን ቀጭን ክር ቆረጠ። ሁለተኛው አልቆረጠም።

ጌታችን በምሳሌ ያስተማረባትን ባለ አሥር ድሪም ሴት አስታውሱ። አንዲቱ ጠፋችባት፤ መብራት አበራች፣ ቤቷን ጠረገች፣ አጥብቃ ፈለገች። ድሪም በዚያ ዘመን የአንድ ቀን ደመወዝ ያህል ነበር፤ ለድኻ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ግን አንዲቱን እንዲህ የፈለገቻት ዘጠኙ ስላሉ ይመስለኛል። ሳንቲሟ ባልንጀሮች አሏት፤ ቦታዋም ከእነሱ መካከል ነው። ስታገኛትም ወዳጆቿንና ጎረቤቶቿን ጠራች።

ከባልንጀራ መለየት ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ሌላ ታሪክ ከአሜሪካ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1913 የአምስት ሳንቲሙ መልክ ሲለወጥ፣ የነጻነት እመቤት ምስል ያለበት አሮጌው መልክ በዚያ ዓመት መመታት አልነበረበትም። ሆኖም ያለ ፈቃድ የተመቱ አምስት ሳንቲሞች ኋላ ብቅ አሉ። በ1930ዎቹ የኑሮ ጭንቅ ዘመን ማክስ ሜል የተባለ የቴክሳስ ነጋዴ ከእነዚህ አንዱን ላመጣልኝ 50 ዶላር እከፍላለሁ እያለ ማስታወቂያ አስነገረ። ሕዝቡ ኪሱን በረበረ። የትራም ሠራተኞች ተሳፋሪ የሰጣቸውን ሳንቲም ሲያገላብጡ መንገድ ይዘጋ ነበር ይባላል። አንድም ሰው ግን ከኪሱ አላገኘም።

ከአምስቱ አንዱ ጆርጅ ዋልተን በተባለ ሰብሳቢ እጅ ነበር። ዋልተን በ1962 ወደ ሳንቲም ትርኢት ሲጓዝ በመኪና አደጋ ሞተ። ወራሾቹ ስብስቡን ለጨረታ ሲያቀርቡ ይህ ሳንቲም ዓመቱ ተነካክቷል፣ ፎርጅድ ነው ተብሎ ተመለሰላቸው። እኅቱ ተቀበለችው፤ በፖስታ አድርጋም ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ዓመታት አለፉ፤ እሷም እውነቱን ሳታውቅ አረፈች። በ2003 የቀሩት አራቱ ሳንቲሞች በባልቲሞር ከተማ አንድ ላይ ለሕዝብ ሊታዩ ሆነ። ልጆቿ ያንን ፖስታ ይዘው ሄዱ። ባለሙያዎች አምስተኛውን ከአራቱ አጠገብ አስቀምጠው መረመሩ። እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። በ2013 ከ3.1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ለጥቂት ያመለጠውን ገንዘብ ያደንቃሉ። እኔ የማደንቀው እኅትየዋን ነው። የማይረባ ነው የተባለን ሳንቲም አምስት ሳንቲም ብላ ዳቦ መግዣ አላደረገችውም፤ ለልጅም መጫወቻ አልሰጠችውም። የወንድሟ አደራ ስለሆነ ይመስለኛል። ፎርጅድ ነው ያለው መርማሪም ክፉ ሰው ነው አልልም። ሳንቲሙን ያየው ብቻውን ነው፤ ወንድሞቹ አጠገቡ አልነበሩም። ባልቲሞር ላይ ግን አራቱ መሰከሩለት።

ስንቱን ሰው ነው እንዲህ ብቻውን አቁመን የፈረድንበት! አንድ ተማሪ አንድ ቀን ያመጣውን ውጤት አይተን አይረባም ብለን ቁም ሣጥን ውስጥ ዘጋንበት። ከእናቱ ቤት ሳንገባ፣ ታናናሾቹን ማን እንደሚያሳድግ ሳንጠይቅ፣ ማታ የት እንደሚሠራ ሳናውቅ። ልጁ ከሚያውቁት ሰዎች ጋር ሆኖ ቢታይ ሌላ ሰው ነው። መምህራንና ወላጆች፣ ይህን የምለው በተለይ ለእናንተ ነው፤ በወጣትነት የተለጠፈ ቃል ለማላቀቅ ከባድ ነው፤ የሚያላቅቀው ሰው ሳይመጣ ዕድሜ ያልቃል።

ወደ አገራችን ልመለስ። በአክሱም ዙሪያ ገበሬው ሲያርስ፣ ዝናብም አፈሩን ሲያጥበው የጥንት ሳንቲም ብቅ ይላል። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንጉሥ እንዱቢስ በወርቅና በብር ማስመታት ጀመረ። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል የጨረቃውን ምልክት አንሥቶ መስቀል አኖረ፤ በዓለም ላይ መስቀልን ከተሸከሙ ቀዳሚ ሳንቲሞች እነዚህ ናቸው። ከዚያ በኋላ በተመቱ የነሐስ ሳንቲሞች ላይ «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ምኞት በግሪክኛ ተጽፎ ይገኛል። ነሐስ የገበያ ገንዘብ ነው፤ ምኞቱ የተጻፈው ጨውና እህል ለሚሸምት ሰው ነበር።

የመን ውስጥ ደግሞ አል-መዳሪባ በተባለ ቦታ ከ300 በላይ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ከሮማውያን ወርቅ ጋር አብረው ተገኙ። አንድ ላይ በመገኘታቸው ነው የአክሱም ወርቅ ከባሕር ማዶ ከሮም ወርቅ ጎን ይቀመጥ እንደነበር የምናውቀው። ያ ክምችት ተበታትኖ በየሱቁ አንድ አንድ ቢሸጥ ይህን የሚነግረን አልነበረም። አንጥረኛ ዘንድ ሄዶ ቀለበት የሆነ ሳንቲም የንጉሡን ስም አይናገርም፤ ለቱሪስት በመንገድ ዳር የተሸጠም ከየትኛው ማሳ እንደወጣ አይናገርም። ችግር ያለበት ገበሬ ለምን ሸጠ ብዬ ልቆጣው አልችልም፤ ልጆቹን የሚያበላው ያ ሳንቲም ሊሆን ይችላል። ስለዚህም የቅርስ አዋጃችን፣ ቁጥር 209/1992፣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ ሲያዝ፣ ላስረከበው ደግሞ ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው ይላል። ከገበሬው ሐቀኝነትን የምንጠብቅ ሁሉ ይህ ሽልማት እጁ እንዲገባም እንጩህለት። ትእዛዙን አስታውሶ ሽልማቱን መርሳት ግፍ ነው።

ማሳ የሌለን ደግሞ ቤት አለን። በብዙ ቤት፣ በአያት ሙዳይ ውስጥ፣ ጠገራ ብር ይገኛል። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት ሲመታ የኖረ ነው፤ የእኛ ነጋዴዎችም የደረቷን ጌጥ ነጠብጣብ ሳይቆጥሩ አይቀበሉትም ነበር። አንዳንዱ ለጥሎሽ የተሰጠ ነው፣ አንዳንዱ ለአንገት ጌጥ የተበሳ ነው፣ አንዳንዱ የበሬ ዋጋ ነበር። ዛሬ በብሩ ክብደት ብቻ ዋጋ የሚጠይቁ ልጆች አሉ። ከመሸጣችሁ በፊት፣ ባትሸጡትም፣ አያታችሁ በሕይወት ካሉ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ማን ሰጣቸው፣ በምን ቀን፣ ስንት ሆኖ መጣ፣ የቀሩት የት ሄዱ። የሚሉትን በወረቀት ጻፉ፤ ስማቸውንና ቀኑን ጨምራችሁ ወረቀቱን ከብሩ ጋር በአንድ ጨርቅ ጠቅልሉት።