መግባትና መዝለቅ

በግቢያችን ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አባባል አለ። «ፈተናው ለሁሉም እኩል ነው፤ የሠራ ያልፋል፣ ያልሠራ ይወድቃል» ይባላል። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ፍትሕም ይመስላል። ወረቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ ፈታኙም አንድ ነውና። ይሁን እንጂ ሰከን ብለን ስናስበው ጥያቄ ያስነሳል። ለመሆኑ የወረቀቱ እኩልነት ወደ ወረቀቱ ያደረሰውን መንገድ እኩል ያደርገዋልን? መንገዱ እኩል ካልሆነስ፣ ቀድሞ የደረሰው ወደ ኋላ ለቀረው ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው።

እስቲ በቅድሚያ ነገሩን እንደ ሁኔታው እንየው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! እንግዲህ ከሁለት አንዱን ማመን ሊኖርብን ነው። ወይ በእነዚህ ሁሉ ትምህርት ቤቶች የተማሩት ልጆች በሙሉ ከተፈጥሯቸው ሰነፎች ናቸው፤ ወይ ደግሞ የወደቀው ልጁ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱም ነው። አእምሮ በወረዳ እየተሸነሸነ የሚታደል ነገር ካልሆነ በቀር የመጀመሪያው ሊሆን አይችልም።

ቢሆንም እንዲህ ካለ ስፍራ ተጣጥረው ያለፉ አሉ። ሪሜዲያል በተባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በኩል የገቡም አሉ። አሁን ከጎናችን ባለው አልጋ ላይ ይተኛሉ። በር ላይ የነበረው ጣጣ አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። ገብቶ የማይዘልቁበት ዩኒቨርሲቲ፣ እህል ሸጦ ለላከው ቤተሰብ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

የጎደላቸው ቀለም ብቻ አይደለም። እርግጥ የላቦራቶሪ ዕቃን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ያየ፣ ለወራት የፊዚክስ መምህር ያልነበረው ልጅ ብዙ ነው። ቋንቋም አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ አድርጎታል። ሕፃን በእናቱ ቋንቋ መማሩ ተገቢ ነው፤ ችግሩ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ድልድይ አለመኖሩ ነው። የከተማው ልጅ ድልድዩን በግል ትምህርት ቤት፣ በአስጠኚ፣ በፊልም ይሠራል። የገጠሩ ልጅ ግን በአንድ ሰዓት ሁለት ፈተና ይፈተናል፤ አንዱ ቋንቋው፣ ሁለተኛው ትምህርቱ።

ከዚህ ሌላ በየትኛውም ኮርስ የማይሰጥ ትምህርት አለ። መምህር ቢሮ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ፣ ዋርኒንግ ማለት መባረር እንዳልሆነ፣ የታመመ ሰው ከክሊኒክ ወረቀት መያዝ እንዳለበት፣ የትኛው ኮርስ ቢወድቅ የሚቀጥለውን እንደሚዘጋ ማን ያስተምራል? ታላቅ እኅቱ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ ይህን ቤቱ እራት ሲበላ ሰምቶታል። ከቤተሰቡ የመጀመሪያው የሆነውስ ከየት ይስማው? አስተውሉ፤ ያ በእራት ሰዓት የተሰማው ምክር እርዳታ ነው። ግን ማንም እርዳታ አይለውም፤ ልጁን «ቀለሜ ነው» ይሉታል እንጂ። ያንኑ ምክር ያላገኘው ሲጠይቅ ግን «ደካማ ነው» ይባላል።

ተቃውሞ መኖሩ አይቀርም። አንደኛው «መደገፍ ያሰንፋል፣ የትምህርት ጥራትም ይወርዳል» የሚል ነው። ከፊሉ እውነት ነው። አሳይመንት ሠርቶ መስጠት፣ ማስኮረጅ፣ አጠሬራ ማቀበል እርዳታ አይደለም። ነገ በዚህ ሰው እጅ የሚታከም በሽተኛ፣ እርሱ በሠራው ድልድይ የሚሻገር መንገደኛ አለና። ነገር ግን መመዘኛውን ዝቅ ማድረግና ሰውን ወደ መመዘኛው ከፍ ማድረግ ለየቅል ናቸው። እኛ የምንለው ሁለተኛውን ነው።

ሁለተኛው «የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ነው። እርግጥ ነው፤ መምህር መቅጠር፣ መጽሐፍ ማዳረስ፣ ላቦራቶሪ ማሟላት የተማሪ አቅም አይደለም፤ ይህን ከመጠየቅም ልንቦዝን አይገባም። ግን ከሌሊቱ በስድስት ሰዓት ዶርም ውስጥ መንግሥት የለም። አንድ ልጅ ሻንጣውን ሸክፎ ለመውጣት ሲያስብ የሚያየው የጎን አልጋው ጓደኛ ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ የክብር ነገር ነው። ሁልጊዜ ተቀባይ የሆነ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ ስለዚህ ብዙዎች ከመጠየቅ መውደቅን ይመርጣሉ። በዚህም ሊፈረድባቸው አይገባም። መፍትሔው ጥናታችንን አስጠኚና ተጠኚ ብሎ አለመክፈል ነው። በካልኩለስ የተቸገረው ልጅ ስለ አፈር፣ ስለ ከብት በሽታ፣ ስለ ዝናብ መዛባት ከመጽሐፉ ቀድሞ የሚያውቀው አለ። እርሱም ይናገር፤ እኛም ደብተራችንን አውጥተን እንጻፍ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ? በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት ለምግብ፣ ለመኝታና ለትምህርቱ ከፊል ወጪ ውል እየፈረምን ነው የምንማረው፤ ከተመረቅን በኋላ የምንከፍለው ዕዳ በብርና በሳንቲም ተቆጥሯል። ያልተጻፈ ዕዳ ግን አለ። ወንድሟ እንዲማር ከብት ጠባቂ ሆና የቀረች እኅት አለች። ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ ለማየት ሳይታደል ግብር የከፈለ ገበሬ አለ። የሰው ችሎታ የብቻው ንብረት አይደለም ስንል ይህን ማለታችን ነው። ዕዳ ከሆነ ደግሞ ከፋዩ የሚመካበት፣ ተቀባዩም የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

የቀደሙት ተማሪዎች በሌላ መንገድ ሞክረውታል። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ፣ አብዛኞቹ በመምህርነት ያገለግሉ ነበር። ያኔ ዩኒቨርሲቲው ወደ ገጠር ይሄድ ነበር። ዛሬ ገጠሩ ራሱ ወደ ዶርማችን መጥቷል፤ ለማገልገል አውቶቡስ መሳፈር አያስፈልግም።

እንግዲህ ጓደኞች፣ ነገሩ ትልቅ ድርጅት አይጠይቅም። ሲኒየሮች የድሮ ፈተናና ኖት ለዘመድና ለአገር ልጅ ብቻ ከሚሰጡ፣ ማንም ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ያኑሩት። ክረምት ላይ ወደየወረዳችን ስንመለስ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆችን ሰብስበን እንግሊዝኛና ሒሳብ እናስጠና፤ የግቢውን ኑሮም ሳናስፈራራ እንንገራቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሚድ ፈተና በኋላ ከክፍል የጠፋውን ልጅ እንፈልገው። «በቃኝ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ያንን ቃል የሚናገረው ለራሱ ብቻ ነው። ፍሬሽማን ሳለን የጠየቅነውን ጥያቄ ዘንድሮም ይዞ የሚዞር አለና፣ በሩን አንኳኩተን እንመልስለት።