መድኃኒቱን ብትፈሪም አታቋርጪው

ልጄ፣ ለአረብ አገር ጉዞ በተደረገልሽ ምርመራ የጉበት ቫይረስ ተገኝቶብሽ መንገድሽ መቅረቱን እናትሽ እያለቀሰች ነገረችኝ። ሄፓታይተስ ቢ ነው አሉሽ። ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቴኖፎቪር ደግሞ «ኩላሊት ይጨርሳል» ስላሉሽ አልጀምርም ብለሻል አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ መድኃኒት ቤት ውስጥ ኖሬ አሁን ዝም ብል ይፈረድብኛል። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርሽ።

የነገሩሽ ሰዎች ፈጥረው አላወሩም። ቴኖፎቪር፣ ያ በቀን አንዴ የሚዋጠው 300 ሚሊግራም ክኒን፣ በጥቂት ሰዎች ላይ ኩላሊትን ይጎዳል፤ አጥንትንም ያሳሳል። ይህን የሚክድሽ ካለ አትስሚው። ነገር ግን ጉዳቱ በአብዛኛው ቀስ እያለ የሚመጣ ነው፤ በደምና በሽንት ምርመራ አስቀድሞ ይታያል። ክሬቲኒን የሚባለው የኩላሊት መለኪያ ሲጨምር ከታየ ሐኪሙ አወሳሰዱን ያስተካክላል፣ አለዚያም መድኃኒቱን ይቀይራል። ኢንቴካቪር አለ፤ ለኩላሊትና ለአጥንት የሚሻለው ቴኖፎቪር አላፌናማይድም አለ። ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ወይም እንደ እኔ ያረጀ ሰው ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት። አንቺ ግን ወጣት ነሽ፤ ኩላሊትሽ ደህና ከሆነ ስጋቱ አነስተኛ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ቀጠሮሽን ካከበርሽ ይደረስበታል።

እኔ የምፈራልሽ ሌላ ነገር ነው፤ ጀምረሽ መተውን። ላያዘልቁ ጸሎት ለቅስፈት ይላሉ አባቶች። ይህ መድኃኒት ቫይረሱ እንዳይራባ ያግዳል እንጂ ከጉበት ነቅሎ አያወጣውም። «ተሻለኝ» ብሎ በገዛ ፈቃዱ ያቋረጠ ሰው ቫይረሱ እንደገና ይነሣበታል፤ ጉበቱም በአንድ ጊዜ ይቆጣል፤ የሚሞትም አለ። በመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ላይ ከሁሉ በላይ በሳጥን ተከቦ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ይኸው ነው፤ ኩላሊት የሚነሣው ከዚያ በታች ነው። ሰው ግን ትንሹን አደጋ ፈርቶ ወደ ትልቁ ሲሮጥ ስንት ጊዜ አየሁ!

ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት ሐኪምሽን ጠይቂ። መጀመሪያ፣ ለእኔ መድኃኒት ያስፈልገኛል ወይ? ቫይረሱ ያለበት ሁሉ ክኒን አይጀምርም። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው የሕክምና ፕሮግራም ከ1,300 በላይ ሕሙማን ተመዝግበው በመጀመሪያው ጊዜ ቴኖፎቪር የጀመሩት ሩብ ያህሉ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 መመሪያውን ሲያሻሽል ሕክምና የሚገባቸውን ሰዎች ቁጥር ከፍ አድርጎታል፤ ቢሆንም የጉበትሽ ሁኔታና የቫይረሱ መጠን ሳይታወቅ አይወሰንም። ሁለተኛ፣ ኤች አይ ቪ ተመርመሪ። አትደንግጪ፣ ጠርጥሬሽ አይደለም። ቴኖፎቪር የኤች አይ ቪም መድኃኒት ነው፤ ያ ቫይረስ ሳይታወቅ በውስጥ ካለና ይህን ብቻውን ከወሰድሽ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ጎረቤት ጠርሙሱን አይቶ የፈለገውን ቢያወራ ያውራ፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።

አዲስ መድኃኒትን መጠንቀቅ መጥፎ አይደለም፤ ጥንቃቄው የመጣው ብዙ ተከፍሎበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ፊያሉሪዲን የሚባል የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት በ15 ሕሙማን ላይ ይሞከር ነበር። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ተደሰተ፤ ቫይረሱ ከደማቸው እየጠፋ ነበርና። ሦስት ወር ግድም ሲሆን ግን የአንዱ ጉበት ከዳው። መድኃኒቱ ወዲያው ቢቆምም ጉዳቱ አልቆመም። የሰባቱ ጉበት ሥራውን አቆመ፤ አምስቱ ሞቱ፤ ሁለቱ የሌላ ሰው ጉበት ተተክቶላቸው ተረፉ። መድኃኒቱ ማይቶኮንድሪያን፣ የሕዋሳችንን ጉልበት ማመንጫ፣ ይመርዝ ነበር፤ ቀድሞ በእንስሳት ላይ የተደረገው ሙከራ ይህን አላሳየም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰው ነፍስ ሲሆን ግን የሚለቀም የለም። ከዚያ ወዲህ የዚህ ዘር መድኃኒት ሁሉ በዚያ ዓይን ይመረመራል። ያንቺው ቴኖፎቪር እ.ኤ.አ. በ2001 ለኤች አይ ቪ፣ በ2008 ለሄፓታይተስ ቢ በአሜሪካ ተፈቅዶ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የዋጠው ነው። በ15 ሰው ከተሞከረው ጋር አታመሳስዪው።

ሄፓታይተስ ሲ ያለበት ወዳጅ ካለሽ መንገዱ ሌላ ነው። ሶፎስቡቪርን ከአጋር መድኃኒቶቹ ጋር አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ሳምንት ውጦ ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉ ጨርሶ ይድናል። ድሮ በኢንተርፌሮን መርፌ ዓመት ሙሉ በትኩሳትና በድብርት ይሰቃይ ለነበረው ሰው ይህ ትልቅ ምሕረት ነው። ግን እዚህም ጥንቃቄ አለ። አሚዮዳሮን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሶፎስቡቪር ሲጨመርበት የልብ ምቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊዘገይ ይችላል። የቲቢው ሪፋምፒሲንም የሶፎስቡቪርን ኃይል ይቀንሰዋል። ሪባቪሪን ከታከለ ፅንስ ያበላሻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲ ሲታከም ተደብቆ የኖረ ቢ ሊቀሰቀስ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ማንም ሰው ቢ ሳይመረመር የሲን መድኃኒት እንዳይጀምር አስጠንቅቋል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ወገብሽን ባመመሽ ቁጥር ዲክሎፌናክ ገዝተሽ አትዋጪ፤ በመርፌም አትወጊ። ከቴኖፎቪር ጋር ኩላሊትን አብሮ የሚያጠቃ እሱ ነው፤ እንደ ከረሜላ የሚሸጡልን መድኃኒት ቤቶች ያሳዝኑኛል። «የወፍ በሽታ ነው» ብለው የሚቀመም ሥር የሚያመጡልሽ ዘመዶች ይወዱሻል፤ ፍቅራቸውን ተቀበዪ፣ ሥሩን ግን መልሺ። ምን እንዳለበት የማይታወቅ ነገር የሚያልፈው በታመመው ጉበትሽ ነው። ጫትም ይቅርብሽ፤ በሐረር የተደረገ ጥናት የሚቅሙ ሰዎች ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። አልኮልማ አይነሣ። ለሌላ በሽታ ፕሬድኒሶሎን ወይም የካንሰር መድኃኒት ቢታዘዝልሽ ደግሞ «ሄፓታይተስ ቢ አለብኝ» ሳትዪ አትጀምሪ፤ ሰውነትሽ ሲዳከም ቫይረሱ ይነቃል።

ማግባትና መውለድ ቀረብኝ ብለሽ እንዳትተክዢ። ቴኖፎቪር በእርግዝና ጊዜ የሚታመንበት ነው፤ እንዲያውም የቫይረሱ መጠን ከፍ ካለባት እናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ ይሰጣል። ልጅሽም እንደተወለደ ክትባቱን ያገኛል። የምታገቢው ሰው ይመርመር፤ ከሌለበት ይከተብ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለው ባንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ሂጂ። እናትሽንና ወንድሞችሽንም ይዘሽ ሂጂ፤ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነውና ሁላቸውም ይታዩ። የኩላሊትና የኤች አይ ቪ ምርመራውን ሳታደርጊ ክኒኑን አትጀምሪ፤ ከጀመርሽ በኋላ ደግሞ ሐኪምሽ ተዪው እስኪልሽ አንድም ቀን አትዝለዪ። የምርመራውንና የመድኃኒቱን ወጪ በእኔ ተዪው።