የቦልተኑ ፈታይ

ልጆቼ፣ እኔ ያደግሁት ጥጥ ስትፈትል ከእናቴ እግር ሥር ተቀምጬ ነው። ባዘቶውን በግራ እጇ ትይዛለች፣ እንዝርቱን በቀኝ መዳፏ ጭኗ ላይ ታሽከረክራለች። ክሩ ከባዘቶው እየተመዘዘ ይከራል፤ ክንዷ እስከሚችለው ድረስ ይረዝማል፤ ከዚያ መለስ ትልና እንዝርቱ ላይ ትጠቀልለዋለች። ካደግሁ በኋላ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በፈትል ፋብሪካ ውስጥ በመካኒክነት ነው። በእጄ ያለፉት ማሽኖች ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢራቀቁ፣ እናቴ ጭኗ ላይ ከምትሠራው ሥራ የተለየ ነገር አልሠሩም። መመዘዝ፣ ማክረር፣ መጠቅለል ነው።

ይህን የፈታይ እጅ አካሄድ በትክክል ወደ ማሽን ያስገባው ሳሙኤል ክሮምፕተን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ታሪኩን የምነግራችሁ ስለ ማሽን ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም። በእጃችሁ ወይም በጭንቅላታችሁ አንድ ነገር የምትፈጥሩ ልጆች በዙሪያዬ እየበዙ ነው፤ ክሮምፕተን የወደቀበት ጉድጓድ ውስጥም አንድ በአንድ ስትገቡ እያየሁ ነው።

ከተማው ቦልተን ይባላል። ከማንቸስተር በስተሰሜን ምዕራብ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እርጥበት አዘል አየሩ ለፈትል ይስማማል፤ ደረቅ አየር ክር እንደሚበጥስ ፈትል ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ቦልተን ኋላ የታወቀው በቀጭን ክር ነው። ለዚያ ክር የሚፈለገው ረጅም ጭረት ያለው ጥጥ ከግብጽ ይመጣ ነበር፤ የእኛው ዓባይ ያጠጣው ጥጥ ማለት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

ክሮምፕተን በ1753 ተወለደ። አባቱ ልጅ ሳለ ሞቱበት፤ ቤተሰቡ የሚኖረው ሆል ኢዝ ዉድ በሚባል ያረጀ ትልቅ ቤት ውስጥ፣ የቤቱን ከፊል ተከራይቶ ነበር። እናቱ ብርቱ ሴት ነበሩ፤ ለልጃቸው በየቀኑ ፈትሎ የሚያስረክበው ክር ተቆርጦለት ነበር። የሚፈትልበት ጄኒ የሚባለው መሣሪያ ግን ክሩን እየደጋገመ ይበጥስበታል። የተበጠሰ ክር የቀጠለ ሰው ብቻ ነው ያንን ንዴት የሚያውቀው። ብዙ ሰው ተናዶ ይቀራል፤ እሱ ግን በ21 ዓመቱ ገደማ የተሻለ ማሽን ልሥራ ብሎ ተነሣ።

አምስት ዓመት ፈጀበት። ገንዘብ ስላልነበረው ማታ ማታ በቦልተን ቲያትር ቤት ቫዮሊን እየተጫወተ በአንድ ሌሊት አንድ ሽልንግ ተኩል ያገኝ ነበር፤ በዚያ ነው ዕቃ የሚገዛው። ከመሣሪያዎቹ አንዳንዶቹ አባቱ ኦርጋን ለመሥራት ያሰናዷቸው ነበሩ። ሌሊት ሌሊት ስለሚሠራ ጎረቤት ከቤቱ ድምፅ እየሰማ፣ ብርሃን እያየ፣ ቤቱ መንፈስ አለበት ብሎ እስከ ማውራት ደርሶ ነበር። በ1779 ማሽኑ አለቀ፤ 48 እንዝርት ነበረው። በዚያው ዓመት ደግሞ በአካባቢው ሥራችንን ሊቀሙን ነው ያሉ ሰዎች የፈትል ማሽን እየሰበሩ ይዞሩ ነበር። ክሮምፕተን የክፍሉን ጣሪያ ቀዶ፣ ማሽኑን ፈታትቶ፣ ቁራጭ በቁራጭ ቆጡ ላይ ሸሸገው።

ማሽኑ የሁለት ዘር ድብልቅ ነበር። አርክራይት የሚባለው ሰው የታወቀበትን ጥጥ መዛዥ ጥቅልል ከጄኒው እንዝርት ጋር አጣምሮ፣ እንዝርቶቹን ወደፊትና ወደኋላ በሚሄድ ጋሪ ላይ ጫናቸው። ጋሪው ሲሸሽ ክሩ ይመዘዛል፣ ይከራል፤ ሲመለስ ይጠቀለላል። የእናቴ ክንድ ማለት ነው። ከሁለት ዓይነት ስለተወለደ ስሙን በቅሎ አሉት። ከዚያ በፊት እንግሊዝ ውስጥ የማይታሰብ ቀጭንና ጠንካራ ክር ወጣው።

ክሩ ገበያ ሲደርስ ነጋዴው አበደ። ሰው ምሥጢሩን ለማየት እስከ መስኮቱ መሰላል አቁሞ ያጮልቅ ጀመር። ክሮምፕተን የፈጠራ መብቱን የሚያስከብርለት ፓተንት ለማውጣት ገንዘብ የለውም፤ በሩን ዘግቶ መሥራትም አልቻለም። አምራቾች መጡና ማሽንህን ለሁላችን አሳየን፣ እኛም አዋጥተን እንሰጥሃለን አሉት። ወደ 80 የሚጠጉት በወረቀት ላይ ስማቸውን አሰፈሩ። ልብ በሉ፣ ወረቀት ነበረ። ነገር ግን ያ ወረቀት ሕግ የሚያስገድደው ውል ሳይሆን የበጎ ፈቃድ ዝርዝር ነበር፤ እሱም ማሽኑን ያስረከበው ገንዘቡን ሳይቀበል ነው። ካስረከበ በኋላ አንዳንዱ አልከፍልም አለ። በድምሩ እጁ የገባው 60 ፓውንድ ገደማ ነው።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ የራሴን ነገር አስታወሰኝ። በወጣትነቴ፣ ስሙን በማልጠራው ፋብሪካ፣ ክር ሲበጠስ እንዝርቱን የሚያቆም ትንሽ ማያያዣ ሠርቼ ነበር። አለቃዬ ወደደው። ስለ ክፍያው ልጠይቅ አፌን ስከፍት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «በወንድማማች መሀል ወረቀት ምን ያደርጋል?» አለኝ። እኔም አፈርኩ። ማፈር የነበረበት እኔ አልነበርኩም፤ ይህን ለመረዳት ግን ሃያ ዓመት ወሰደብኝ። ማያያዣዬ በሁሉም ማሽን ላይ ተገጠመ፤ ለኔ የደረሰኝ ምስጋና ነው። ምስጋና ደግሞ ለልጅ ደብተር አይገዛም።

ክሮምፕተንን ያስቸገረው ድህነቱ ብቻ አልነበረም። ማንቸስተር ገበያ ክሩን ይዞ ሲሄድ ገዢው ዋጋ ከቀነሰበት አይከራከርም፤ ናሙናውን ጠቅልሎ ኪሱ ከትቶ ዝም ብሎ ይወጣ ነበር ይባላል። ኩራትና ይሉኝታ ተጋብተው የወለዱት ዝምታ ነው። እኛ አገር ይህን ዝምታ ጨዋነት እንለዋለን። እኔም አሳዳጊዎቼ ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው፤ ስለ ገንዘብ አፉን የሚከፍት ሰው ዓይን አውጣ ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ልጆቼ፣ እዚህ ላይ አሳዳጊዎቻችን ተሳስተዋል። ለሠራችሁበት ዋጋ መጥራት ከጨዋነት አያወጣም።

በ1811 ክሮምፕተን አገሩን እየዞረ ማሽኑ የት የት እንደሚሠራ ቆጠረ። ከ4 ሚሊዮን በላይ የበቅሎ እንዝርት አገኘ፤ በአርክራይት ማሽን የሚሠራው 310 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። ይህን ይዞ ፓርላማን ካሳ ጠየቀ። ግንቦት 11 ቀን 1812 ክሮምፕተን እዚያው ፓርላማው መተላለፊያ ውስጥ ቆሞ ሳለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስፔንሰር ፐርሲቫል በጥይት ተመትተው ሞቱ። ኋላ 5,000 ፓውንድ ተፈቀደለት። ከልጆቹ ጋር ንግድ ጀመረበት፤ ንግዱም ከሰረ። በ1827 ሲሞት ኑሮው ወዳጆቹ አዋጥተው በገዙለት አነስተኛ ዓመታዊ ጡረታ ላይ ነበር።

እንግዲህ እንደ አርክራይት ሁኑ እያልኳችሁ ይመስላችሁ ይሆናል፤ አይደለም። ሪቻርድ አርክራይት በዚያው በቦልተን ፀጉር አስተካካይና ሰው ሠራሽ ፀጉር ሠሪ የነበረ ሰው ነው። በ1769 ፓተንት አወጣ፣ በ1771 ክሮምፎርድ ላይ በውሃ የሚሠራ ፋብሪካ ከፈተ፣ በ1786 የሰር ማዕረግ አገኘ፣ ባለጸጋ ሆኖ ሞተ። ነገር ግን ጥቅልሉን ከሌላ ሰው ነው የወሰደው ተብሎ ተከሶ፣ ኋላ ያወጣው ሌላ ፓተንት በ1785 በፍርድ ቤት ተሽሮበታል። የራሳችሁን አስከብሩ ስላችሁ የሰውን ውሰዱ ማለቴ አይደለም።

ሌላው የቦልተን ልጅ ዊልያም ሊቨር ነው፤ በ1851 የተወለደ የግሮሰሪ ነጋዴ ልጅ፣ የሰንላይት ሳሙና ባለቤት። በቤልጂግ ኮንጎ የዘንባባ ዘይት እርሻው ላይ አፍሪካውያን በግዳጅ ሠርተዋልና ሀብቱን ሁሉ አላመሰግንለትም። ለክሮምፕተን ያደረገውን ግን እመሰክርለታለሁ፤ ያን ያረጀ ቤት ገዝቶ፣ አሳድሶ፣ ለከተማው ሰጠ። ዛሬ ቤተ መዘክር ነው።

እናንተ ከክሮምፕተን የሚሻል ዘመን ላይ ናችሁ። እኛ አገር የፈጠራ አዋጅ ከወጣ ቆይቷል፤ ቁጥሩ በእኛ አቆጣጠር 123/1987 ነው። ለትልቅ ፈጠራ ብቻ ሳይሆን እንደኔ ማያያዣ ላለ አነስተኛ ፈጠራም ማስረጃ ይሰጣል። ስለዚህ ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። ልብስ የምትነድፉት፣ ብየዳ ቤት አዲስ ወፍጮ የምታወጡት፣ ሁላችሁም። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለቅኔ ብቻ አይደለም። ውሉ ላይ ስንት ብር፣ መቼ፣ ካልተከፈለስ ምን የሚለው በግልጽ ይስፈር፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ወዳጅ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይጻፍ፤ ገንዘቡ ቢቀር ወዳጅነቱ እንዳይቀር።

ቦልተን ኔልሰን አደባባይ ላይ ለክሮምፕተን ሐውልት ያቆመችው በ1862፣ ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ ነው። እናንተ ግን አደራችሁን፣ በቃል ብቻ ተስማምታችሁ የጀመራችሁት ሥራ ካለ ነገ ጠዋት ሂዱና አስጽፉት።