ስለ አንዲት ሰዓት ፍርድ

በኒውዮርክ ከተማ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. በተመሠረተው በጁልያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፥ ክላርኔት በመንፋት ሁለተኛ ዲግሪ ሊማር የሚሻ ሰው አስቀድሞ ድምፁን ቀርጾ ይልካል፤ የተመረጠውም በመምህራን ፊት ቆሞ ይነፋል። በእንዲህ ያለው ፈተና ሞዛርት በ1791 ዓ.ም. የደረሰው ኮንቼርቶ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። የብዙ ዘመን ድካም በጥቂት ደቂቃ፥ ያውም በአንዲት ስስ የሸምበቆ ስንጣቂ ትንፋሽ ይመዘናል። ይህ ፍርድ ቅን ነውን?

ቦታው ጥቂት፥ ፈላጊው ብዙ ነውና መመዘኑ ግድ ነው። የቅኔ ተማሪም የቆጠረውን በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ቢሳሳት ግን መምህሩ አርሞ በማግስቱ ደግሞ ይሰማዋል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማ ፈታኝ ፍሬውን ቀመሰ እንጂ ዛፉን አላየም። ስለዚህ «ዛሬ አልደረስህም» ይበል እንጂ «ከቶ አትደርስም» አይበል፤ ተፈታኙም የአንዲት ሰዓትን ፍርድ የሕይወቱ ሁሉ ሚዛን አያድርጋት።